የሚያምነኝ ሰው ስጠኝ

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ የመተማ ልጅ ናት፣ አባቴ ናይጄሪያዊ። ሁለቱም የወባ አገር ሰዎች ናቸው። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ዘር ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም፤ እንዲያውም ወባ አይጠናበትም። ከሁለቱም ከወረሰ ግን እንደኔ ይታመማል። እንደ እነሱ ሁለቱም ዘሩን የተሸከሙ ወላጆች የሚወልዱት እያንዳንዱ ልጅ በሽታው የሚደርስበት ከ4 አንድ ዕድል አለው። ያ ዕድል ለኔ ደረሰኝ።

ክቡ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ቀጭኑ የደም ሥር ውስጥ ይሰነቀራል። ሕመሙ አጥንት ውስጥ ነው። ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ቸርች ስቀር «ጠፋሽ» ይሉኛል። ስመጣ ደግሞ «ደህና ነሽ እኮ!» እማዬ ለማንም እንዳልናገር ታስጠነቅቀኝ ነበር። «ማን ያገባሻል?» ትላለች። የትዳር ወሬ ሲነሳ ቡና ልታፈላ ትነሳለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ብርዱ አስነሳብኝ። ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ሕመሙን ለይቶ የሚያሳይ ራጅ የለም፤ የደም ምርመራም የለም። የሚያስታግስልኝን መድኃኒት ከነመጠኑ ስነግራቸው ጠረጠሩኝ። አንዱ ለጓደኛው «ሱሰኛ ናት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያቺ ቃል ገደለችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተኮራምቼ ቆየሁ።

እማዬ ሁሌም ፈውስ ትለምንልኛለች። እኔ ያን ሌሊት ፈውስ አልለመንኩም። «ጌታ ሆይ፣ የሚያምነኝ አንድ ሰው ስጠኝ» ብቻ አልኩ። ከዚያ ሕመሙ ሲበረታ «ወይኔ እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ለሌሊት ፈረቃ የምትገባ ነርስ ቆም አለች። ኮቷን እንኳን አላወለቀችም። «የት ጋ ነው የሚያምሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አለችኝ በአማርኛ። ጭኔን አሳየኋት። «አይዞሽ፣ አውቀዋለሁ» አለች። የሞቀ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ፣ ዶክተሩን ይዛ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ማስታገሻው በደም ሥሬ ገባ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

በሽታው ዛሬም አለ። መድኃኒቴን፣ ሃይድሮክሲዩሪያን፣ በየቀኑ እውጣለሁ። መደበቁ ግን ቀረ። ከሆስፒታል በወጣሁ በሁለተኛው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ የበሽታዬን ስም ተናገርኩ። እማዬ ከፊት ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጨርሼ ልወርድ ስል ተነሳች። መጥታ ማይኩን ከእጄ ወሰደች።

«ከኔ ነው የወረሰችው» አለች። «እኔም እናቷ ዘሩ አለብኝ።»