ካልሳይቱ ይነሳ?

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆዴ ባብቶብኝ ዋለ። ከሐይቁ የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ሲበረታ ሥራዬን ትቼ ያንን ድንጋይ ከመደርደሪያው አወረድኩት፤ ጋሼ በጎርጎራ በኩል ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ አግኝተው ያመጡልኝን።

ጀርባው በየአጥሩ የምናየው ጥቁር ባዛልት ነው። ፊቱ ላይ ግን ጡጫ የሚያስገባ ጎድጓዳ አለ፤ ቅልጥ አለቱ ሲቀዘቅዝ ታፍኖ የቀረ የጋዝ አረፋ ቦታ። ግድግዳውን ግራጫማ ሰማያዊ ኬልሲዶኒ፣ ቅንጣቱ በዓይን የማይለይ የኳርትዝ ዓይነት፣ በስሱ ሸፍኖታል። በእሱ ላይ ደቃቅ የኳርትዝ ክሪስታል በቅሏል። ከኳርትዙ ላይ ነጫጭ የዚዮላይት (ውሃ በውስጡ የያዘ ማዕድን) መርፌዎች ከአንድ ሥር ተነስተው በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ እነሱን ሳይ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንዱን ጥግ ደግሞ የማር መልክ ያለው ካልሳይት፣ የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፣ ሞልቶታል።

ይህን ሁሉ ያመጣው ውሃ ነው። የሰሜኑን ደጋ የሠራው ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ውሃው በስንጥቁ እየሰረገ ኳርትዝ የሚሆነውን ሲሊካም፣ ለካልሳይት የሚሆነውን ካልሲየምም አሟሙቶ ተሸክሞ በዚህች ጎድጓዳ ውስጥ ተራ በተራ አራገፈው። ከታች ያለው ቀድሞ የመጣ ነው፣ ከላይ ያለው ኋላ። እኔን የሚያስደንቀኝ ከውበቱ ይልቅ ይህ ተራ ነው።

የአዲስ አበባው ወዳጃችን ፎቶውን አይቶ፣ «ካልሳይቱን በአሲድ አንሺው፤ ከሥሩ ያልተነካ ኳርትዝ ይወጣል፣ ዋጋውም ይጨምራል» አለኝ። ሙያውን አውቃለሁ፣ ያለውም እውነት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካልሳይትን አረፋ እያስደፈቀ ያሟሟዋል፣ ኳርትዙን አይነካውም። ብዙ ዓይነት ዚዮላይት ግን አሲድ አይችልም። መርፌዎቹ ቢጠፉ የሚቀረኝ በየገበያው የሚገኝ ኳርትዝ ነው። ደግሞስ ኋላ የመጣው ሁሉ ለምን እንደ ቆሻሻ ይቆጠራል? ካልሳይቱም እንደ ሌሎቹ ተራውን ጠብቆ የገባ ነው። አላነሳውም፤ ይህን ለእሱም በግልጽ እነግረዋለሁ።

አሁን አምፖል ሥር በማጉያ መነጽር ሳየው ሌላ ነገር አገኘሁ። አንዲት መርፌ ወደ ካልሳይቱ ገብታለች። ከጠራው ክፍል ውስጥ ጥቂት ትታያለች፣ ከዚያ ደብዘዝ ወዳለው ስትደርስ ትሰወራለች። መርፌዋ አስቀድማ አድጋ ካልሳይቱ ኋላ ከበባት፣ ወይስ በአንድ ዘመን እየተሻሙ አብረው አደጉ? አብረው ካደጉማ፣ ተራ ብዬ ስደረድር የዋልኩት እንደገና መታየት አለበት። ሳልሰብረው በምን ላውቅ እችላለሁ?