የተሰወረው ምክንያት እንዲገለጥ ለመንን፣ እግዚአብሔርም ገለጠው

እግዚአብሔር ለታናሽ ወንድሜ ያደረገለትን ለመመስከር ስነሣ የሕመሙን ነገር በዝርዝር መናገር ግድ ይለኛል፤ የጸሎታችን መልስ የመጣው በዚያው ዝርዝር ውስጥ ነውና።

ወንድሜ ለዓመታት የቆየ የጨጓራ ቁስል ነበረበት። ጠባሳው የጨጓራውን መውጫ ስላጠበበው የበላውን ሁሉ ያስመልሰው ጀመር፤ ለሳምንታት ከጥቂት አጥሚትና ውኃ በቀር በሆዱ የሚቆይ ነገር ስላልነበረ አጥንቱ እስኪታይ ድረስ ከሳ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሳንባው በኢንፌክሽን ተያዘና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ቬንቲሌተር በተባለ የመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዘ መተንፈስ ጀመረ። በአፍንጫው በገባ ቱቦ ምግብ፣ በደም ሥሩ ደግሞ ግሉኮስ ይሰጠው ነበር። ትኩሳቱ በረደ፣ የሳንባው መጥራትም በራጅ ታየ፤ እኛም ተመስገን አልን።

ይሁን እንጂ ኢንፌክሽኑ እየለቀቀው ሳለ እሱ ይባስ እየደከመ ሄደ። እጅህን ጨብጥ ሲባል ጣቶቹን ማጠፍ ያቅተው፣ ሲጠሩትም አንዳንዴ ይቃዥ ጀመር፤ የመሣሪያው እገዛ በተቀነሰ ቁጥር ትንፋሹ እያጠረ ስለሚጨነቅ እንደገና ወደ ሙሉ እገዛ ይመልሱታል። እናታችን ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ሊጠይቁን የመጡት የንስሐ አባታችን ግን፣ «ማርልን ብቻ አትበሉ፤ የተሰወረውን ምክንያት ግለጥልን፣ ለሐኪሞቹም ማስተዋልን ስጥልን ብላችሁ ለምኑ» አሉን፤ ከዚያ ወዲያ የቤተሰባችን ሁሉ ልመና ይኸው ሆነ።

በዚያው ሰሞን ተረኛ ሆነው የገቡ አንዲት ሐኪም ሕመሙን ከሥሩ ጠየቁን፤ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ከዚያ በፊት ሳይበላ የቆየበትን ጊዜ ደጋግመው ካጣሩ በኋላ በደሙ ያለው ፎስፌት የተባለው ማዕድን እንዲለካ አዘዙ። ምርመራው እዚያው ስለማይሠራ ናሙናውን ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ወሰድነው። ጤናማው መጠን በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ1 በታች ከሆነ እጅግ አደገኛ ነው፤ የወንድሜ 0.8 ነበር።

ሐኪሟ ያስረዱንን ሌሎችም እንዲያውቁት እጽፈዋለሁ። ሰውነት ኃይሉን ይዞ የሚሠራበት ኤቲፒ የተባለው ንጥረ ነገር ያለ ፎስፌት አይሠራም። ረጅም ጊዜ የተራበ ሰው የፎስፌት ክምችቱ ተሟጥጦ ሳለ በደሙ ያለው መጠን ደኅና ሊመስል ይችላል። ምግብ ወይም ግሉኮስ ሲገባለት ግን ስኳርን ወደ ሴሎች የሚያስገባው ኢንሱሊን ይነሣና፣ ደርቆ የከረመ መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ እንደሚመጥጥ፣ ሴሎቹ ፎስፌቱን ከፖታሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ከደሙ ይመጥጡታል። ያን ጊዜ ትንፋሽ የሚስበው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ይዝላል፣ ልብ ይደክማል፣ ቀይ የደም ሴሎችም የያዙትን ኦክስጅን ለአካል መልቀቅ ያዳግታቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከረኀብ የተረፉ እስረኞች ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱት በዚሁ ዓይነት መንገድ ነበር። በአገራችንም ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ኤፍ 75 የተባለው ወተት በቅድሚያ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው ይህን ፈርተው ጭምር ነው። የረኀብን ዘመን ለምታውቅ አገር ይህ የሩቅ ዕውቀት ሊሆን አይገባም እላለሁ።

በደም ሥር የሚሰጠውን ፎስፌት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ዘመድ ወዳጅ በየመድኃኒት ቤቱ ተሰማርቶ ሲፈልግ፣ ሐኪሟ በበኩላቸው ምግቡን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 10 ኪሎ ካሎሪ ዝቅ አደረጉለት፤ ቫይታሚን ቢ አንድም ጨመሩለት። መድኃኒቱ ሲገኝ ለሰዓታት በዝግታ እንዲወርድ አዘዙ፤ ፎስፌት በችኮላ ሲሰጥ የደሙን ካልሲየም ሊጥለው፣ ከፖታሲየም ጋር የተዋሐደው ዓይነት ደግሞ ልብን ሊያውክ ስለሚችል ደሙ በየጊዜው ይለካ ነበር። መጠኑ ከፍ እያለ ሲሄድ በመጀመሪያ እጄን አጥብቆ ጨበጠኝ፤ ቀጥሎም የመሣሪያው እገዛ ሲቀነስ ትንፋሹ አልደከመም፤ በመጨረሻም ቱቦው ወጣለትና በራሱ ተነፈሰ።

አንዳንድ ምእመናን ይህ የሐኪም ሥራ እንጂ ተአምር አይደለም ብለውኛል። እኔ ግን የለመንነው ምክንያቱ እንዲገለጥና ሐኪሞቹ እንዲያስተውሉ ነበርና፣ የተሰጠን የለመንነው ራሱ እንደሆነ አምናለሁ። ወንድሜ ዛሬ በሥራው ላይ ነው፤ እናታችንም በታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ወርዳ ስለቷን አድርሳለች። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ የምትጸልዩ ወገኖቼ ሆይ፣ ሕመምተኛችሁ ሳይበላ ሰንብቶ ምግብ ከጀመረ በኋላ ከደከመባችሁ፣ ፎስፌቱ ተለክቶ እንደሆነ ሐኪሞቹን በትሕትና ጠይቁ። ለወንድሜ የገለጠው አምላክ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለሚደክሙት ሁሉ ይግለጥላቸው፤ የዚያችንም ሐኪም ዕድሜ ያርዝምልን።