የሎውልን ቦዮች ጉልበት ያሰላሁበት መንገድ

በማሳቹሴትስ የሎውል ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከሜሪማክ ወንዝ ምን ያህል ጉልበት ያገኙ እንደነበር ሳሰላ ተርባይኑን ለመጨረሻ አቆየሁት። መጀመሪያ የያዝኩት የውሃውን ከፍታ ነው፤ የሚለካውም ከውሃ ገጽ እስከ ውሃ ገጽ እንጂ ከቦዩ ወለል አይደለም። ፓውታኬት ፏፏቴ ላይ ያለው 9 ሜትር ገደማ ቁልቁለት በሁለት እርከን ተከፍሏል፦ ላይኛው 13 ጫማ፣ ታችኛው 17። ላይኞቹ ፋብሪካዎች የለቀቁት ውሃ ታችኛው ቦይ ገብቶ ሌሎቹን ያዞራል።

ቀመሩ አጭር ነው፦ 9.81 × ፍሰት (ሜትር ኩብ በሰከንድ) × ከፍታ (ሜትር)፤ ውጤቱ ኪሎዋት። ውሃው የሚከራየው «ሚል ፓወር» በሚባል መለኪያ ነበር፤ መነሻውም 3,584 እንዝርት የሚያሽከረክር ጉልበት ነው። አንዱ ሚል ፓወር በ30 ጫማ ከፍታ በሰከንድ 25 ኪዩቢክ ጫማ ሲሆን፣ በሜትር 0.71 በ9.14፣ ማለትም 64 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። ይህ የውሃው ነው፤ ዘንጉ ጋ የሚደርሰው ያንሳል። ስለዚህ ለእንጨት የውሃ ጎማ ከ60 እስከ 75 በመቶ፣ ለጥሩ ተርባይን እስከ 88 በመቶ ያዝኩ።

ስሌቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ውሃው ከፋብሪካው ወደ ወንዙ የሚወጣበት መውጫ ነው። በጸደይ ወንዙ ሲሞላ መውጫው ላይ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይቆማል። 4 ሜትር ከፍታ ላይ 1 ሜትር ከጠፋ ሩብ ጉልበት ሄደ፤ የእንጨት ጎማ ደግሞ እታች ውሃ ውስጥ እየዳከረ ከዚያም በላይ ያጣል። ተርባይን ግን ተውጦም ይዞራል።

ሁለተኛው ኪሳራ ቦዩ ውስጥ ነው። ብዙ ፋብሪካ ከአንድ ቦይ ሲስብ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የውሃው ገጽ ያዘነብላል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፋብሪካ ከፍታ ያጣል። በ1847 ሰፊው ሰሜናዊ ቦይ የተጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የግድቡን ከፍታ ለሁሉም ፋብሪካ እኩል መስጠት ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ መግቢያ ላይ ለብቻው ይለካ።

የጎርፍ መከላከያውን በስሌቱ ባላስገባውም ማየት ደስ ይላል። የቦዮቹ ዋና መሐንዲስ ጄምስ ፍራንሲስ ያሠራው ግዙፍ የእንጨት በር በብረት ማያያዣ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ሞተር የለውም። በ1852 ጎርፍ ሲመጣ ብረቱን በመሮ ቆርጠው በሩን ጣሉት፣ በ1936ም እንደገና ወረደ።

ግድቡ አናት ላይ የነበሩት ሳንቃዎች ግን ስሌት ውስጥ ይገባሉ፤ ከፍታውን የሚጨምሩት እነሱ ነበሩ። የሚደግፏቸው የብረት ካስማዎች በጎርፍ እንዲታጠፉ ታስበው ይመረጡ ነበር፦ በጣም ከጠነከሩ ጎርፉ ወደ ላይ ተመልሶ ሰፈር ያጥለቀልቃል፣ ከደከሙ በትንሽ ሙላት ሳንቃው ሁሉ ይሄዳል። ሳንቃ የሌለበትን ወቅት ለይቼ አሰላሁ።