በቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደ ነዋሪ ለመክፈል ያለፍኩበት መንገድ

በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያስተዳድሩት ግዛቶቹ ስለሆኑ ክፍያቸውም ተማሪው የግዛቱ ነዋሪ በመሆኑና ባለመሆኑ ይለያያል፤ እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ ልዩነቱ በብዙዎቹ ከእጥፍ በላይ ነው። በዲቪ መጥቼ ከዓመት በላይ ከሠራሁ በኋላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ገባሁ፤ ኮሌጁም ያለ ክርክር ነዋሪ ብሎ ተቀበለኝ። ክሬዲቶቼን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማዛወሩም ሆነ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ መሙላቱ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ የዩኒቨርሲቲው የነዋሪነት ማመልከቻ ነው። ዕድሜዬ ከ24 ዓመት በታች ስለነበር ቅጹ ወላጆቼ የት እንደሚኖሩ ጠየቀኝ፤ ደሴ ብዬ ሞላሁ። የመጣልኝ መልስ ከግዛቱ ውጭ እንደሆንኩ የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ቢሮው ድረስ ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛዋ ከ24 ዓመት በታች ያለ ተማሪ የወላጆቹ ጥገኛ ነው ተብሎ ስለሚገመት መኖሪያዬ የእነሱ መኖሪያ እንደሆነ ነገረችኝ። ከወላጆቼ ምንም እንደማይመጣልኝ፣ ይልቁንም በየወሩ የምልክላቸው እኔ እንደሆንኩ ባስረዳትም ልትሰማኝ አልፈለገችም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ቀጥላ የሰጠችኝ ምክር ነው፦ «ለአሁኑ የተጠየቅከውን ከፍለህ ጀምር፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይስተካከልልሃል።»

ይህን ምክር ማንም እንዳይቀበል አደራ እላለሁ። በቨርጂኒያ ሕግ ከግዛቱ ውጭ ተብሎ ተመዝግቦ ትምህርት የጀመረ ሰው በኋላ ነዋሪ ነኝ ቢል፣ ግዛቱ ውስጥ የተቀመጠው ለትምህርት ሲል ነው ተብሎ ይገመታል፤ ያን ግምት በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ የማፍረስ ሸክሙም የእሱ ነው። የ24 ዓመቱ ነገርም ቢሆን በማስረጃ የሚፈርስ ግምት እንጂ ክልከላ አይደለም። ይህን ከቢሮው ማንም አልነገረኝም፤ ሕጉን ራሴ አንብቤ ነው የደረስኩበት።

ስለዚህ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይግባኝ በጽሑፍ አቀረብኩ። የደመወዝ ወረቀቶቼን፣ የግብር ሰነዶቼን፣ በስሜ የተፈረመውን የኪራይ ውል፣ ከዓመት በላይ የቆየውን የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃዴን፣ በተጨማሪም ወደ ደሴ ገንዘብ የላክሁባቸውን ደረሰኞች በቀን ቅደም ተከተል አያያዝኩ። መመሪያው የተጠየቀውን ብቻ አያይዙ ይላል፤ እኔ ግን አትከተሉት እላለሁ፤ ማን ማንን እንደሚጦር ያሳዩት ማንም ያልጠየቃቸው ደረሰኞች ናቸውና።

በይግባኜ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ጻፍኩ። ሊንከን በ1862 የፈረመው የሞሪል ሕግ ለግዛቶች የፌዴራል መሬት የሰጠው፣ በሽያጩ ገንዘብ የሠርቶ አደሩ ልጅ ግብርናና ምሕንድስና የሚማርባቸው ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ነበር። እኔም ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራሁ ለቨርጂኒያ ግብር ስከፍል፣ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎቹን በሚደጉምበት ካዝና ውስጥ የእኔም ድርሻ ገብቷል። የጠየቅኩት ችሮታ እንዳልሆነ በዚያ ወረቀት ላይ በማስፈሬ ዛሬም እኮራለሁ።

ውሳኔው ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ተሻረልኝ፤ ይቅርታም ማብራሪያም አልተጻፈበትም። የዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ መልስ እምቢታ ከሆነባችሁ ለግዛቱ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት አቤት የምትሉት በ30 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ደብዳቤው የደረሳችሁን ቀን መዝግቡ፤ በመስኮት በቃል የሚነገራችሁንም ሁሉ በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።