ግሌንዴል ላይ ኬቮርክ ሆኜ ቀረሁ

ባለፈው የሰፈር ጓደኛዬ ደወለና «ፈረንጆቹ ስምህን እንዴት ነው የሚጠሩት?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔን የሚጠራኝ ፈረንጅ አይደለም። አርመን ነው።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ግሌንዴል ነው። አሜሪካ ገባሁ ብለህ ስትደሰት ጎረቤትህም ፀጉር አስተካካይህም አርመን ሆኖ ይጠብቅሃል። ሥራ ያገኘሁትም አርመን ዳቦ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ስሜን ጠየቁኝ፣ «ጊዮርጊስ» አልኩ። ፊታቸው በራ። «ኬቮርክ!» አሉ፣ ጊዮርጊስ በአርመንኛ ማለት ነው። በቃ፣ ተጠመቅኩ። የዱቄት ጆንያ ስሸከም «ኬቮርክ ጃን፣ ቀስ በል» ይሉኛል፣ «ጃን» እንደኛ «የኔ ውድ» ነው። ሳረፍድ «ኬቮርክ!» ብቻ ነው፣ ጃን የለም።

ሰውዬው ስም ሲቆጥሩ የኛን ሀገር ዘር ቆጣሪ ያስንቃሉ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረቦች ጋር የተዋጋውን መስፍን ጌቮርግ ማርዝፔቱኒን ይጠራሉ። (የምሥራቁ አርመን ጌቮርግ፣ የምዕራቡ ኬቮርክ ይላል። ትክክሉ የኔ ነው የሚል ግን በሁለቱም በኩል አይጠፋም።) ከኦቶማን ጦር ጋር ሲዋጋ በ1907 (እ.ኤ.አ.) የወደቀውን ኬቮርክ ቻውሽን ይጠራሉ። ኦቶማኖች ያን ሁሉ እልቂት በሕዝባቸው ላይ ሲያወርዱ ካቶሊኮስ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያናቸው አለቃ፣ የነበሩትን ጌቮርግ 5ኛን ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። ስሙ ከግሪክ የመጣ፣ ትርጉሙም «ገበሬ» መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ዶክተር ይወጣዋል ብላ ያሳደገችኝ ልጅ ለካ ከስሜ ጀምሮ ገበሬ ነኝ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። እኛ ጊዮርጊስን ሚያዝያ 23 እናነግሣለን፣ እነሱ መስከረም ውስጥ በቅዳሜ ያከብሩታል። ለበዓሉ ቤታቸው ጠሩኝ። ሃያ ሰው ይሆናል። ማን ቀድሞ ክርስቲያን ሆነ የሚለው ክርክር ተነሣ። እነሱ 301ን (እ.ኤ.አ.) ጠቅሰው አንደኛ ነን አሉ። ኢዛና ብቻውን እንደማያዋጣኝ ሲገባኝ ጃንደረባውን ጨመርኩበት። ሞቅ አለኝና «የኛ ሁሉ ነገር የራሳችን ነው! ፊደላችን፣ መዝሙራችን…» አልኩ።

ፊደሉን አለፉት፣ እነሱም አላቸዋ። ሽማግሌው ግን ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ያንን የንጉሡን ዘመን መዝሙር ማን ደረሰው?»

«ዮፍታሔ ንጉሤ!»

«እሱ ግጥሙን ነው። ዜማውንስ?»

ዝም አልኩ።

«ኬቮርክ!» አሉ።

የጠሩኝ መስሎኝ «አቤት» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አፌ ውስጥ የነበረው ዶልማ አልወርድ አለኝ።

ለካ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። አሰልጣኛቸው ኬቮርክ ነበር። በጥቅምት 1923ቱ (በኛ አቆጣጠር) ንግሥ የተሰማው «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ዜማው የሱ ነው፤ ደርግ እስኪቀይረው ድረስ ሀገር ተነሥቶ የቆመለት ዜማ። የቴያትር ቤቶቻችን ሙዚቀኞች የሚያነሡት ሙሴ ነርሲስም የወንድሙ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ ከዳቦ ጋጋሪ ተማርኩ።

ለመምጣት ለምታስቡ፦ እንግሊዝኛውን እዚህ ታገኙታላችሁ፣ እሱ አያስጨንቃችሁ። ስለ ሀገራችሁ ግን ተዘጋጅታችሁ ኑ፣ የሚፈትናችሁ አሜሪካዊው ብቻ አይደለም። ደግሞ ስማችሁን ለማንም ብላችሁ አታሳጥሩ። እኔ እንኳን ሳላሳጥር ተቀይሮብኛል።

ልወጣ ስል ሽማግሌው በር ላይ ያዙኝ። «አዲስ አበባ ያለው ሱርፕ ኬቮርክ ደህና ነው?» አሉኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው፣ የአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን። ፒያሳ አድጌ አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም። «ደህና ነው» አልኩ። ማታውኑ ለወንድሜ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ ብዬ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን የተዘጋ በር ፎቶ ላከ። ከሥሩ፦ «የኔስ ፕሮሰስ ምን ደረሰ?»