በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አልነሳ ያለው ክላስተር

ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለው ሕንፃችን መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስ 20 ደቂቃ ያህል ያዘልንና ሦስቱም ሰርቨሮች ጠፉ። ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መብራት መጣ፣ ማሽኖቹም ተነሱ። ክላስተሩ ግን፣ ማለትም ሦስቱን ሰርቨሮች እንደ አንድ አድርጎ የሚያሠራው ሥርዓት፣ አልተነሳም። ታች መንገድ ዳር ቄጤማና አደይ አበባ ይሸጣል፣ ዶሮ ያንጠለጠለ ሰው ታክሲ ይጋፋል። የእኛን የሽያጭና የክምችት ሲስተም የሚጠቀሙት ፋርማሲዎችም በበዓል ገበያተኛ ተጨናንቀዋል። አንዲት የፋርማሲ ባለቤት ደውለው፣ «ልጄ፣ ሰው ተሰልፎብኛል፤ በወረቀት እየጻፍኩ ልሽጥ ወይስ ትንሽ ልታገስ?» አሉኝ። «በወረቀት ይሽጡ እትዬ፣ በኋላ እኛ እናስገባዋለን» አልኳቸው። መቼ እንደምናስነሳው ግን አላውቅም ነበር።

እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ሁሉ ነገራችን ውጭ አገር በተከራየነው ክላውድ ላይ ነበር። ኪራዩ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። ገቢያችን በብር፣ ወጪያችን በዶላር ሆኖ መቀጠል አልቻልንም። ሦስት ሰርቨር ገዝተን ዋናውን ሥራ ወደ ቢሮ አመጣን፤ ውጭ ያስቀረነው ባክአፕ ብቻ ነው። ክላስተሩን የሚመራውን ኩበርኔቲስ የተባለ ሶፍትዌር ኩብአድም በሚባለው መትከያው የተከልነው ልክ የዚያ ዓመት ጳጉሜ 5 ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። በአንድ ቀን አለቀ። ደስታችንን አስታውሳለሁ።

መጀመሪያ ያስተማረን ዲስኩ ነው። የክላስተሩ ሁኔታ ሁሉ የሚመዘገበው ኢትሲዲ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ነው፤ ሦስቱ ማሽኖች አንድ መሪ መርጠው በድምፅ ብልጫ ይጽፋሉ። ኢትሲዲ እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስክ ላይ ማረፉን ሳያረጋግጥ አይቀጥልም፤ ከ100 ጽሑፎች 99ኙ ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንዲያርፉ ይመከራል። የእኛ ሰርቨሮች የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበራቸው። ዳታቤዙ ሥራ ሲበዛበት ኢትሲዲ ይዘገያል፣ መሪው ሞተ ተብሎ ሌላ ይመረጣል፣ ፖዶች (ፕሮግራሞቻችን ታሽገው የሚሠሩባቸው አሃዶች) ያለምክንያት የተንገላቱ ይመስላል። ሁለት ሳምንት ኔትወርኩን ስንጠረጥር ከርመን ኢትሲዲን ብቻውን የማይሽከረከርና ፈጣን በሆነ ትንሽ ዲስክ (ኤስኤስዲ) ላይ ስናስቀምጠው በዚያው ቀን ረጋ። ክላስተር ለሚተክል ሰው አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል ይህን እመክራለሁ።

ሦስት ማሽን ሲኖር አንዱ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል። ይህ እውነት ነው፤ እኛም ተማምነንበት ነበር። ነገር ግን ሦስቱንም በአንድ ዩፒኤስ ሰክተናቸው ነበር። ዩፒኤሱ ሲያልቅበት ሦስቱ ባንድ ቅጽበት፣ ያውም እየጻፉ ሳለ ይጠፋሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ማሽን ተበላሽቶ ከሚሞተው ይልቅ መብራት ሄዶ የሚጠፋው ይበዛል፤ እኛ የተዘጋጀነው ግን ለመጀመሪያው ብቻ ነበር።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ክላስተሩን የማዝበት ኩብሲቲኤል «ግንኙነት ተከልክሏል» ከማለት በቀር ምንም አይነግረኝም። የኢትሲዲን የክንውን መዝገብ (ሎግ) በቀጥታ ሳነበው የሰርተፍኬቱ ጊዜ አልፏል ይላል። ኩብአድም ለክላስተሩ ክፍሎች የሚሰጠው ሰርተፍኬት፣ ማለትም እርስ በርስ የሚተዋወቁበት መታወቂያ፣ የሚያገለግለው አንድ ዓመት ነው። የእኛው በዚያው ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ መብራት እስኪሄድ አምስት ሰዓት ሙሉ ማንም ያላወቀው፣ ሲሠሩ የነበሩት ኮንቴይነሮች (በፖዶቹ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች) መሥራታቸውን ስለማያቆሙ ነው። አዲስ ነገር ማስነሳት ብቻ ነው የማይቻለው፤ መብራቱ ደግሞ ሁሉንም አዲስ አደረገው።

ክላስተሩን ወደ አዲስ ቨርዥን ብናሳድገው ኖሮ ሰርተፍኬቶቹ አብረው ይታደሱ ነበር። ኩበርኔቲስ በዓመት ሦስት ጊዜ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ አንዱ ቨርዥን ጥገና የሚያገኘው 14 ወር ያህል ነው። እኛ «እየሠራ ያለን ነገር አትንካው» ብለን ዓመቱን አሳለፍነው። አሁን በየስድስት ወሩ እናሳድጋለን፤ ከሰርተፍኬት ላይ 30 ቀን ሲቀር ስልካችን ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ማደሱ ራሱ ከባድ አልነበረም። በሦስቱም ማሽኖች ላይ ሁሉንም አድስ የሚለውን የኩብአድም ትእዛዝ ሰጠሁ። የሚረሳው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ የቁጥጥር ክፍሎቹ አዲሱን ሰርተፍኬት የሚያነቡት ሲነሱ ብቻ ስለሆነ የማስነሻ መመሪያ ፋይሎቻቸውን ከማኒፌስት ፎልደሩ አውጥቶ፣ ትንሽ ጠብቆ መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አድርጌም ኩብሲቲኤል እምቢ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ከታገልኩ በኋላ ነው የራሴ ፎልደር ውስጥ ያለው የአድሚን ፋይል፣ ማለትም ኩብሲቲኤል የሚገባበት መታወቂያ፣ የድሮው ኮፒ መሆኑን ያየሁት።

ክላስተሩ ተነሳ ብለን ሳንጨርስ ፖዶቹ ኢሜጅ (ፕሮግራሙ የሚነሳበትን ጥቅል) ማውረድ አልቻልንም አሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ዶከር ሃብ የሚባለው የኢንተርኔት የኢሜጅ ማከማቻ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሳይመዘገብ የሚያወርድን ሰው በኢንተርኔት አድራሻ ይገድብ ነበር፤ በ6 ሰዓት 100 ጊዜ። እኛ አንዱን አድራሻ ከሕንፃው ተከራዮች ጋር ስለምንጋራ ገደቡ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ የራሳችንን የኢሜጅ ማከማቻ፣ ማለትም ሬጅስትሪ፣ አቋቋምኩ። ያቋቋምኩት ግን ክላስተሩ ውስጥ ነው። ሬጅስትሪው ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት የስቶሬጅ ድራይቨር አለ፤ የድራይቨሩን ኢሜጅ ደግሞ ከዚያው ሬጅስትሪ ነው የምናወርደው። ሬጅስትሪው ስቶሬጁን ይጠብቃል፣ ስቶሬጁ ሬጅስትሪውን ይጠብቃል። ኢሜጁ እኮ ማሽኑ ዲስክ ላይ ነበር! «ሌተስት» (የቅርቡ) የሚል መለያ ስለሰጠነው ኩበርኔቲስ በነባሪ ሁልጊዜ ሬጅስትሪውን ካልጠየቅኩ ይላል። ደንቡን «ከሌለ ብቻ አውርድ» ወደሚለው ቀይሬ ክሩን በጠስኩት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ፋርማሲ ገባ። ለእትዬ ደውዬ ስነግራቸው፣ «እሰይ፣ እንኳን አደረሰህ» አሉኝ።

ሬጅስትሪው አሁን ከክላስተሩ ውጭ በአንዲት ትንሽ ማሽን ላይ ብቻውን ይሠራል፤ እያንዳንዱ ኢሜጅም በ«ሌተስት» ፈንታ የራሱ ቁጥር አለው። ሦስቱ ሰርቨሮች ሦስት ዩፒኤስ አላቸው፤ ባትሪው ሲዳከም ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ነግሯቸው በሥርዓት ይዘጋሉ። በየማሽኑ ፖዶችን የሚያስኬደው ኩብሌት ላይ ፖዶች እንዲዘጉ የሚሰጠው የመዝጊያ ጊዜ በነባሪ ዜሮ ስለሆነ እሱንም መሙላት ነበረብን።

ሰዓትንም ሳላነሳ አላልፍም፤ ይህ የእኛው አገር ጉዳይ ነው። የኢትሲዲን ባክአፕ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሁን» ተባባልንና ባልደረባዬ በተያዘለት ሰዓት ሥራ የሚያስጀምረው ክሮንጆብ ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ክሮንጆብን የሚያስነሳው የክላስተሩ ክፍል የሚያውቀው የዓለም አቀፉን መደበኛ ሰዓት ነው፤ የእሱ 8 ሰዓት ለእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ከባዱ የዳታቤዝ ባክአፕም በዚያው ተይዞ ስለነበር ፋርማሲዎቹ ሥራ በሚበዛባቸው ሰዓት ሲስተሙ በየቀኑ ሲንቀራፈፍ ከረመ። ከኩበርኔቲስ 1.27 ቨርዥን ወዲህ ክሮንጆብ ላይ የሰዓት ክልል መጻፍ በቋሚነት ይቻላል፤ አፍሪካ/አዲስ አበባ ብለን ጽፈን ሰዓቱን በፈረንጅ 2 አደረግነው። በቃል ስንነጋገር ደግሞ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ሳይባል ምንም ሰዓት አይጻፍም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ የምናደርገው ልምምድ ነው። ለደንበኞች አስቀድመን ነግረን ሦስቱንም ሰርቨር እናጠፋለን፣ ከዚያ ከጨለማ እናስነሳቸዋለን። የመጀመሪያው ልምምድ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀ። ቅደም ተከተሉ በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል፤ መጀመሪያ የኔትወርኩ ስዊች፣ ከዚያ ሬጅስትሪው፣ ከዚያ ሰርቨሮቹ እያለ ይወርዳል። ባለፈው ቅዳሜ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ወረቀቱን ብቻ ይዛ ገባች። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ምንም እንዳንናገር ተስማምተናል። በ24 ደቂቃ አስነሳችው። አንዴ ብቻ አራተኛው መስመር ላይ ቆማ በበሩ ብቅ አለችና፣ «እዚህ ጋ ‹ጠብቅ› ይላል፤ ስንት ደቂቃ ነው?» አለችን። እስክሪብቶ አወጣሁና ጎኑ ላይ «4 ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩበት።