ዝገት የሠራው ገደል

ካሪጂኒ ብሔራዊ ፓርክ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም ነበር። ቦታው ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ የሚባለው አካባቢ ነው። ዴልስ ጎርጅ ወደሚሉት ገደል በብረት ደረጃ ቁልቁል ወረድኩ። ግድግዳው ከሩቅ ቀይ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ግን ቀይ፣ ጥቁርና ግራጫ እየተፈራረቀ እንደ ደብተር ገጽ ተደራርቧል።

ዝገት ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ወለል ላይ የዘቀጠ ብረት ነው። ብረት ኦክስጅን ባለበት የባሕር ውሃ ውስጥ ሟሙቶ አይቆይም፤ ወዲያው ዝጎ ይዘቅጣል። ያን ሁሉ ብረት ባሕሩ አሟሙቶ ይዞት ከነበረ፣ ጥልቁ ውሃ ኦክስጅን አልነበረውም ማለት ነው። አየሩም ቢሆን ያው ነው። ያኔ እዚህ ብቆም ኖሮ ሁለት ሦስቴ ተንፍሼ ራሴን ስቼ እወድቅ ነበር።

ፎርቴስኪው ፏፏቴ ጋ አዳለጠኝና አንዱ ጫማዬ ውሃ እንደቋጠረ ዋለ። እኔ ግን ስለ ውሃው እያሰብኩ ነበር። ፀሐይ በልጅነቷ ብርሃኗ የዛሬውን 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አየሩ እንደ ዛሬው ቢሆን ባሕሩ በረዶ በሆነ ነበር። አልሆነም። ከፒልባራ በስተደቡብ ጃክ ሂልስ የተገኙ ዚርኮን የሚባል ጠንካራ ማዕድን ቅንጣቶች አሉ፤ ትልቁ ዕድሜ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ነው። እነሱም ውሃ ገና ከጥንቱ እንደነበረ ይጠቁማሉ። ብዙ ተመራማሪዎች ሙቀቱን ይዘው ያቆዩት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ናቸው ይላሉ። ዛሬ የምንረግማቸው ጋዞች ያኔ ባለውለታ ነበሩ!

በዚሁ በፒልባራ 2.7 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ተመራማሪዎች ውስጡ የቀሩትን የአረፋ ቀዳዳዎች ለክተው የአየሩ ግፊት ከዛሬው ግማሽ በታች እንደነበር ገምተዋል። አየሩ ሳስቶም ምድር አልቀዘቀዘችም። ለእኔ ከገደሉ የበለጠ የደነቀኝ ይሄ ነው።

ማታ ድንኳኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቬነስን አየኋት፤ ምዕራቡ ላይ ቦግ ብላለች። ስፋቷ ከምድር ብዙም አያንስም። ዛሬ ግን አየሯ ሙቀቱን አፍኖ ይዞባት ወለሏ 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ ግፊቱም የእኛን 90 እጥፍ ያልፋል። ማርስ ደግሞ በተቃራኒው አየሯን አብዛኛውን ለጠፈር ሰጥታ፣ የደረቁ የወንዝ መውረጃዎቿን ይዛ ቀርታለች።

ጠዋት ጫማዬ ደርቋል። ቀዩ ግን አልለቀቀም።